አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባለሱቁ ሙህሲን ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ሲደርስ፣ እየሩሳሌም ከውኃ ታንከሩ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ካፊያው ፊቷን አርሶታል። ዓይኖቿ አልተከደኑም።

“እየሩስ! እየሩስ፣ ተነሽ እንጂ!”

አልመለሰችለትም። ከራሷ በላይ፣ በብረት ምሰሶው ጫፍ ላይ፣ ያን ጠዋት የቀየረችው የዋይፋይ ማሰራጫ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ይሠራል። ከታች ካሉት ቤቶች የአንዲት ሴት ድምፅ በደስታ፣ “ዛሬስ ኔትወርኩ በጣም ፈጣን ነው!” ሲል ተሰማው።

ሙህሲን ከወገቡ ጎንበስ አለና ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት።

* * *

ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ኮዬ ፈጬ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። የአቃቂ ልጅ ናት፤ በምርመራ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ታንከሩ አለ፣ ምሰሶው አለ፣ የብረት መሰላል አለ። ወለሉ ላይ ውኃ አቁሯል። ከመሰላሉ ሥር የሟቿ መፍቻ ወድቋል።

“ከመሰላሉ ወድቃ ነው የሚሉት ሰዎቹ” አለ ሙህሲን። “እኔ ግን እንጃ። ይቺ ልጅ ምሰሶ ላይ ስትወጣ ዝንጀሮ ናት፣ ወላሂ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይኼን ሰፈር ዋይፋይ ያስገባችው እሷ ነች። ዋናው ማሽን ያለው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ቦርሳዋን ትታ፣ ‘ሻይ አስቀዳልኝ፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም’ ብላኝ ወጣች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሌላ አስቀዳሁ። እሱም ቀዘቀዘ።”

“በስንት ሰዓት ነው የወጣችው?”

“ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል። ከሰዓት ነበር የምትመጣው፤ ትምህርት ስላለብኝ ብላ ጠዋት መጣች።”

“የተጣላችው ሰው አለ?”

ሙህሲን መሬት መሬት አየ። “መጣላት እንኳ አይባልም። አራተኛ ፎቅ ካሳሁን የሚባል አለ። ማሰራጫው በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ካሳሁን በኢንተርኔት ፈተና ላይ እያለ ተቋረጠበት። ሐሙስ ማታ ደረጃው ላይ፣ ‘ያንን ቆርቆሮሽን ከነምሰሶው ነው የምወረውረው፣ አንቺንም ጭምር’ አላት። ሰው ሁሉ ሰምቷል።”

አቻምየለሽ ስሙን ጻፈች።

* * *

የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ገብረጻድቅ ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት በመብራት ሠራተኛነት አገልግለዋል። በሩን ሲከፍቱላት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

“ግቢ ልጄ። ባለቤቴ እንዳትነቃ ቀስ ብለን እናውራ።”

ወይዘሮ ብዙወርቅ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ከወገባቸው በታች ከደረቀ አራት ዓመት ሆኗል። ከራስጌያቸው አጠገብ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት አለ፤ ሽቦው የድሮ ነው፣ በጨርቅ የተሸፈነ።

“እየሩሳሌምን በደንብ ያውቋት ነበር?”

“ማወቅ?” አሉ ሽማግሌው። “አባቷ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አደሴ ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ነው ያሳደገቻት፣ እዚያ አቃቂ። ኮንዶሚኒየሙም ሲወጣልን እግዜር አንድ ሕንፃ ላይ አደረሰን። ሬዲዮ መፍታት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ‘አባባ’ ነው የምትለኝ።” መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። “አሁን ወርጄ ድንኳኑን ማስተከል አለብኝ። አደሴ ሌላ ሰው የላትም።”

“ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?”

“ቤተክርስቲያን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ። ስመለስ ነው የሰማሁት።”

አቻምየለሽ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወጣች። ያን ቀን ብዙ ሰው አነጋገረች፤ እንደ እኚህ ሽማግሌ ያሳዘናት ግን አልነበረም።

* * *

የአስከሬን ምርመራው ውጤት እሁድ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሐኪሙ በስልክ ነገራት።

“ወድቃ አይደለም። ቀኝ መዳፏ ውስጥ የቃጠሎ ምልክት አለ፤ መብራት ነው የገደላት። የቤት መብራት፣ ሁለት መቶ ሃያው።”

“ወዲያው ነው የሞተችው?”

“አይደለም። ከመብራቱ ከተላቀቀች በኋላ ጥቂት ጊዜ ተንፍሳለች። አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት። ልክ ይኼን ያህል ነው ብዬ መማል አልችልም።”

“ሰው ቢደርስላትስ?”

“እሱንም መማል አልችልም። ግን ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ልቧ ጤነኛ። በሕይወት ወደ እኛ ብትመጣ ተስፋ አልቆርጥም ነበር።”

አቻምየለሽ ስልኩን ዘጋች። ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ዞራዋለች። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት የሚያስተላልፍ ሽቦ አንድም አላየችም።

* * *

ካሳሁን ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰኞ ጠዋት፣ ፈረቃው ሳይጀምር፣ የሠራተኞች አውቶቡስ ማቆሚያ ጋ አገኘችው። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

“እኔ ነኝ ብለው ነግረውሽ ይሆናል።”

“አንተ ንገረኝ።”

“ተናድጄ ነው ያልኩት። ፈተናዬ ነው የተቋረጠው፣ ያውም ሊያልቅ ሲል። ግን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። የፋብሪካው በር ጠባቂ ጋ ፈርሜያለሁ፤ ጠይቂው።”

ጠየቀች። እውነቱን ነበር። ስትመለስ ካሳሁን እዚያው ቆሞ ጠበቃት።

“አንድ ነገር አለ” አለ። “ሐሙስ ጠዋት ሲቋረጥብኝ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ነበር። እንዲሁ ነካ ነካ ባደርገው ይነሳ እንደሆን ብዬ። ምሰሶውን ስይዘው ነዘረኝ። ክንዴ እስከ ብብቴ ደነዘዘ። የማሰራጫው ነው ብዬ ተውኩት። ልነግራት ይገባኝ ነበር። ተኳርፈን ስለነበር አልነገርኳትም።”

* * *

ሚራክል የእየሩሳሌም የሥራ ባልደረባ ናት። አብረው ነው የሚሠሩት፤ አንዷ ምሰሶ ላይ ስትሆን ሌላዋ ታች ኬብል ትስባለች። ቅዳሜ ዕለት ግን ሚራክል አሟት ቀርታ ነበር። አቻምየለሽ ጣሪያው ላይ ስትወስዳት መሰላሉን ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የመብራት መለኪያዋን አወጣች።

“ማሰራጫው ራሱ ሊገድላት ይችላል?” አለች አቻምየለሽ።

“በፍጹም። ከሕንፃው ደረጃ መብራት በአዳፕተር ወደ እሱ የሚሄደው ሃያ አራት ቮልት ነው፤ በምላስ ቢነኩት እንኳ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገው።” መለኪያዋን ከምሰሶው ጋር አገናኘች። “ይኸው፣ ምሰሶው ላይ ምንም የለም።”

“ታዲያ ማሰራጫዎቹን ምን አቃጠላቸው?”

“እሷም እሱን ነበር የምትፈልገው። ዕቃ ሲበላሽ ሁሉንም አንዴ አይቀይሩም። መጀመሪያ መብራቱን ያያሉ። ከዚያ ኬብሉን ብቻ ይቀይራሉ፣ ይሞክራሉ። ከዚያ አዳፕተሩን ብቻ። አንድ አንድ እያሉ ነው። ማክሰኞ ዕቃው ሲቃጠል ዕቃውን ቀየረች። ሐሙስ ሲደገም ኬብልና አዳፕተር ቀየረች። ዓርብ ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።” ስልኳን አውጥታ ከፈተችው።

የሟቿ ድምፅ በካፊያው መሃል ወጣ፤ ትንሽ የደከመ፣ ሳቅ ያለበት።

“ሚሩ፣ ችግሩ ከዕቃው አይደለም። ከውጭ የሚመታው ነገር አለ። ዛሬ ምሰሶውን ለካሁት፣ ምንም የለበትም። ሌላ የመብራት መስመር ይኖር እንደሆነ ብዬ ጠየቅኩ፣ የለም ተባልኩ። እሱ ከሌለ ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል እንጃ። ነገ አዲሱን ልስቀልና ምሰሶውን በደንብ ላጥብቀው። አንቺ ተኝተሽ ዳኚ፣ እሺ?”

አቻምየለሽ መልእክቱን እንደገና አሰማችው። “‘የለም ተባልኩ’ ነው ያለችው። ማን ነው የለም ያላት?”

“አላውቅም። ግን የምታምነው ሰው መሆን አለበት። አለበለዚያ ቅዳሜ ደግማ ሳትለካ አትነካውም ነበር።”

ኢንስፔክተሯ ወደ ምሰሶው ቀረበች። ዝገቱ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አምስት ቦታ ጣት የሚያህል ንጹሕ ቀለበት አየች፤ የሆነ ነገር እዚያ ታስሮ ኖሮ ተፈቷል። ቀለበቶቹ ወደ ታንከሩ አፍ ያመራሉ። የታንከሩን ክዳን አነሳችና እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። አንድ የፕላስቲክ ኳስ መሳይ ነገር ይዛ ወጣች። ከኳሱ ጫፍ የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

“ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው!” አለች ሚራክል። “ታንከሩ ሲሞላ ተንሳፎ ታች ያለውን ፓምፕ የሚያጠፋ። ፓምፑ ሲበራ ብቻ ነው ሽቦው ውስጥ መብራት የሚኖረው…” አቋረጠችና አፏን በእጇ ያዘች። “ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ውኃ የሚመጣባቸው ቀናት ናቸው። ሽቦው ተልጦ፣ ምሰሶው በዝናብ ረጥቦ… ለዚያ ነው ዓርብ ምንም ያላገኘችው!”

አቻምየለሽ የተቆረጠውን ሽቦ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ላዩ ፕላስቲክ አልነበረም፤ ጨርቅ ነው።

“ይኼ የዛሬ ሽቦ አይደለም” አለች ሚራክል።

“አይደለም” አለች ኢንስፔክተሯ። የት እንዳየችው አውቃለች። ባላውቀው ብላ ተመኘች።

* * *

ሙህሲን ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳር ጆንያዎቹ በላይ፣ ዋናው ማሽን ተሰቅሏል። ሚራክል በላፕቶፕ ከፍታ ቅዳሜ ጠዋት የመዘገበውን አወጣች።

“የጣሪያው ማሰራጫ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ላይ ተነስቷል፤ ያኔ ነው የሰቀለችው። ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ጠፋ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ላይ ተመለሰ።”

“አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ” አለች አቻምየለሽ። “ሙህሲን፣ ያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር?”

“የእኔ አልጠፋም፤ ፍሪጁ ሲሠራ ነበር። ማዶ ያለው ብሎክም በርቷል። የዚህ ሕንፃ ደረጃ ግን ጨልሞ ነበር። የሆነ ሰው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶት ይሆናል። ሳጥኑ እንደሆነ ቁልፍ የለውም፣ ማንም ይከፍተዋል።”

ማንም ይከፍተዋል። አቻምየለሽ ግን እንደ ሚራክል አንድ አንዱን እየነቀለች ማሰብ ጀምራለች። ካሳሁን ቂሊንጦ ነበር። ሙህሲን እንደ ነገራት ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኛ አስተናግዷል፤ ሦስቱንም አነጋግራቸዋለች። የቀረው ቤተክርስቲያን የነበረ አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ብቻቸውን ነበሩ።

“ግቢ የኔ ልጅ። ገብሬ ለቅሶ ቤት ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ አልተኛም። እህልም አልቀመሰም።”

አቻምየለሽ በጨርቅ የተሸፈነውን የራስጌ መብራት ሽቦ አይታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የሴትዮዋ አንሶላ ነጭ ነው፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል። ቤቱ የሳሙና ሽታ ይሸታል።

“ጎበዝ አስታማሚ ናቸው።”

“ውኃ በመጣ ቁጥር ነው የሚያጥበኝ። ድሮ ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ጎረቤት ይጣላ ነበር፤ ገብሬ እየሮጠ ጣሪያ ይወጣል፣ በዚህ ዕድሜው። አሁን ግን ራሱ የሚጠፋ አድርጎ ሠራው።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለኮሚቴው እንዳትነግሪብኝ። ዓይኑ ስለደከመ መብራት አትንካ ብለውት ነበር። ደብቆ ነው።”

“ቅዳሜስ አጠቡዎት?”

“ቅዳሜ የለም። ሊያጥበኝ፣ ፓምፑን ላብራና ታንከሩን ልየው ብሎ ወጣ። ወዲያው መብራት ጠፋ፣ ሬዲዮኔም ዝም አለ። ብዙ ቆየ። ሲመጣ ልብሱ በስብሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግንባሬን ስሞ፣ ‘ቤተክርስቲያን ልሂድ’ አለና ወጣ። እኔም እርጅና ነው፣ ብርዱ ነው ብዬ…” ዓይናቸው የአቻምየለሽ ፊት ላይ ቆመ። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባቸው። “ምን ሆነሻል ልጄ? ምን አልኩ?”

ኢንስፔክተሯ እጃቸውን ያዘች።

* * *

ድንኳኑ ከሕንፃው ጀርባ ነው የተተከለው። ሠልስት ስለነበር የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ሞልተዋል። አቶ ገብረጻድቅ ለለቀስተኛ ውኃ እያደሉ አገኘቻቸው። ሲያይዋት ማሰሮውን ለሌላ ሰው ሰጥተው፣ ሳትጠራቸው ተከትለዋት ወጡ።

ከፓምፑ አጠገብ ቆሙ። አቻምየለሽ ሽቦውን ከኪሷ አውጥታ አሳየቻቸው። ሽማግሌው አላዩትም።

“ዓርብ ማታ ጠይቃዎታለች” አለች። “ሌላ መስመር አለ ወይ ብላ።”

“አዎ።”

“የለም አሏት።”

“አፈርኩ። ዓይኔ እንደማይሠራ፣ ሽቦውን መግጠም እንዳቃተኝ ልታውቅብኝ ነው ብዬ አፈርኩ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ውኃው ሲመጣ ለብዙወርቅ ልቅዳ፣ ከዚያ እሷ ከሰዓት ሳትመጣ በፊት ሽቦውን እፈታዋለሁ ብዬ ነበር።”

“ግን ጠዋት መጣች።”

“አላወቅኩም። ፓምፑን አብርቼ ስወጣ እጇ ምሰሶው ላይ ነበር። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ማብሪያውን አጥፍቼ ተመልሼ ወጣሁ።” እጃቸውን አዩት። “ትተነፍስ ነበር፣ ልጄ። ዓይኗን ገልጣለች። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ልጫን ስል ሽቦውን አየሁት። ይመጣሉ፣ ያዩታል፣ ያስሩኛል፣ ብዙወርቅን ማን ያገላብጣታል አልኩ። መጀመሪያ ሽቦውን ልፍታ፣ ከዚያ እደውላለሁ። አንድ ደቂቃ መስሎኝ ነበር። ግን ቋጠሮው አልታየኝም። ዝናቡ መነጽሬን… እጄ እምቢ አለኝ። አንዱን ስፈታ ሌላ አለ። ‘ትንሽ ብቻ፣ እየሩስ፣ ትንሽ ብቻ’ እላታለሁ። ጨርሼ ዘወር ስል አትተነፍስም።”

ከድንኳኑ ውስጥ የሴቶች ልቅሶ ከፍ አለና ረገበ።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወርጄ መብራቱን መለስኩ። ሰው በመስኮት፣ ‘ኔትወርኩ መጣ’ ብሎ ሲደሰት ሰማሁ።” ፓምፑ ላይ ተቀመጡ። “ለአደሴ እኔ ልንገራት። ከሌላ ሰው አፍ አትስማው። ከዚያ የፈለግሽበት ውሰጂኝ።”

ሕጉ ይህን አይልም። አቻምየለሽ ግን ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ድንኳኑ መለሰቻቸው።

* * *

አደሴ ምንጣፍ ላይ፣ የልጇን የሥራ ጃኬት ታቅፋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ፊቷ ተንበርክከው በዝግታ ሁሉንም ነገሯት። ሽቦውን። የለም ማለታቸውን። ቋጠሮውን። ሙህሲን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

አደሴ አልጮኸችም። “ተናግራ ነበር?” አለች።

“የለም። ታየኝ ነበር።”

“አንተን?”

“አዎ።”

“ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ አጽናናኸኝ።”

አቶ ገብረጻድቅ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። “ይቅር በይኝ አልልሽም።”

“አትበለኝ” አለች አደሴ። “ይቅር የምልበት ነገር ውስጤ የለም። አንስታችሁ ውሰዱልኝ።”

ድንኳኑ በር ላይ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አስወጧቸው። አቻምየለሽ ልትከተላቸው ስትል የአደሴ እጅ የዩኒፎርሟን ጫፍ ያዘ።

“ያቺ ሴትዮ አሁን ብቻዋን ናት?”

“ብዙወርቅ? አዎ። ለጊዜው ጎረቤት እጠይቃለሁ።”

አደሴ ጃኬቱን ይበልጥ አስጠጋችው። አጠገቧ ወደተቀመጡት ሁለት ሴቶች ዞራ፣ ከእነሱና ከአቻምየለሽ በቀር ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

“ሂዱና ገላዋን እጠቧት። እሷ ምን አደረገች። ማን እንደላካችሁ ግን አትንገሯት፤ ስሜን አታንሱባት።”

ሴቶቹ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ደረጃው ሄዱ።

መኪናው ውስጥ አቶ ገብረጻድቅ የኋላ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ወደ አቃቂ የሚወስደው መንገድ በውኃ ተሞልቷል፤ ሾፌሩ በዝግታ ይነዳል።

“ብዙወርቅ ጋ ሰው አለ?” አሉ።

“ሁለት ሴቶች ሄደዋል” አለች አቻምየለሽ።

“ማን ላካቸው?”

ኢንስፔክተሯ አሰበች። አትንገሯት የተባለው ለብዙወርቅ ነበር፤ ለእሳቸው አልነበረም።

“አደሴ” አለች።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቀን ያልወጣላቸው ልቅሶ ያኔ ወጣላቸው። ሾፌሩ ዳር ይዤ ላቁም ወይ በሚል ዓይን አየት አደረጋት። አቻምየለሽ በእጇ፣ ንዳው አለችው።